ለጋሼ ሀብቶም ጀልባ የመረጥኩት ባለ አራት ዘንግ ብረት

ወገን፣ ዛሬ በአንድ ብረት ተዋርጃለሁ።

በሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰው ሲያዋርዳችሁ መልስ ትሰጡታላችሁ፣ ካልሆነም ብሎክ ታደርጉታላችሁ። ብረትን ምን ታደርጉታላችሁ?

ይሄን ስጽፍ ፊቴ እየነደደ ነው። ግማሹ ፀሐይ ነው፣ ግማሹ እፍረት። ደግሞ ተናድጃለሁ! በማን እንደተናደድኩ በቅጡ ስለማላውቅ በሁሉም ላይ ተናድጃለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

እኔ ካልገሪ፣ ዶቨር የሚባል ሰፈር ውስጥ ቤዝመንት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ከላይ ያሉት አከራዮቼ ጋሼ ሀብቶምና ባለቤታቸው እትዬ ለተ ናቸው። ኤርትራውያን ናቸው፤ ጋሼ ግን ትምህርታቸውን በአማርኛ ስለተማሩ፣ የሳቸው አማርኛ ከእኔ ከደሴ ልጅዋ ይበልጣል። «ሺፍቴ ካንስል ሆነ» ስላቸው፣ «ተራሽ ተሰረዘ ማለትሽ ነው?» ይሉኛል። በየቀኑ! በገዛ ቋንቋዬ!

ጋሼ አንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ አለቻቸው። ሦስት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ይቅርታ እየጠየቀ የሚቀመጥባት ዓይነት።

ካልገሪ በመጣሁበት የመጀመሪያ ሰመር አንድም ሰው አላውቅም ነበር። ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ። አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኩተው፣ «ነይ፣ ውሃ ላይ ቁጭ ብለን ዝም እንበል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየሰመሩ ከኮክረን ከተማ አለፍ ብሎ ወዳለው ሐይቅ አብረን እንሄዳለን። ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መንጠቆ ላይ ትል በሰካሁ ቁጥር መጮሄን ያስተዉኝም እሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ ግን አልሄድንም።

ባለፈው ዊንተር ጋሼን ቀለል ያለ ስትሮክ መታቸው። አልሐምዱሊላህ ዳኑ። ይራመዳሉ፣ ይናገራሉ፣ አማርኛዬን ያርማሉ። ግን ሜይ አለፈ፣ ጁን አለፈ፣ ጀልባዋ ጓሮ ውስጥ ሸራዋን እንደለበሰች ናት።

«ጋሼ መቼ ነው?» ስላቸው፣ መጀመሪያ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው። ቀጥሎ ነፋሱ። ቀጥሎ ጉልበቴ።

አንድ ቀን ደግሞ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሰዓዳ፣ ጀልባዋን ፎቶ አንሺና ኦንላይን አውጪልኝ። ልሸጣት ነው።»

ልሸጣት ነው!

ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም። እሺ አልኩ። ፎቶ አነሳሁ። ፖስት ግን አላደረግኩም። በየሳምንቱ «ሰው ደወለ?» ይሉኛል፣ «ኧረ ማንም አልደወለም ጋሼ» እላቸዋለሁ። ዋሸሁ? አልዋሸሁም። ማንም አልደወለም!

እውነቱን ያወጡልኝ እትዬ ለተ ናቸው። ላውንድሪ ሩም ውስጥ አገኙኝና የማድረቂያው ጩኸት ድምፃቸውን እንዲሸፍን ጠጋ ብለው፣ «እጁ ነው» አሉኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ቀኝ እጁ መጨበጥ እምቢ ብሎታል። አፕሪል ላይ ወንዙ ዳር ብቻውን ማጥመድ ሊሞክር ሄዶ፣ የማጥመጃ ዘንጉ ከእጁ አምልጦ ውሃ ወሰደው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። እንደነገርኩሽ ከሰማ አለቀልኝ!»

ወላሂ አልናገርም አልኳቸው።

እኔ ደግሞ ሥራዬ ኬር ነው። አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። እንደዚህ ያለ እጅ በየቀኑ አያለሁ፤ ቁልፍ ስቆልፍላቸው፣ ኩባያ ሳስይዛቸው። መፍትሔው ወዲያው ታየኝ። ሮድ ሆልደር! ጀልባው ጠርዝ ላይ የሚታሰር፣ ዘንጉን ሰክታችሁበት እጃችሁን የምታሳርፉበት ብረት ነው።

ግን አንድ ችግር አለ። ባለ አንድ ዘንጉን ገዝቼ ባቀርብላቸው ምን ማለት ነው? «እጅዎ አልቋል፣ እንኩ» ማለት ነው። ጋሼ ደግሞ ከሆስፒታል የሰጧቸውን ምርኩዝ ጋራዥ ውስጥ ቀለም ማማሰያ ያደረጉ ሰው ናቸው!

ስለዚህ ምን አሰብኩ? ብዙ ዘንግ የሚይዝ ልግዛ። ያኔ የሕመምተኛ ዕቃ አይመስልም፤ የትልቅ አጥማጅ ዕቃ ይመስላል። «ጋሼ፣ ዘንድሮ በዘመናዊ መንገድ ነው የምናጠምደው» እላለሁ፣ እሳቸውም ሳይሸማቀቁ ያጠምዳሉ፣ ጀልባዋም አትሸጥም።

ብልህ ነኝ አይደል? ያኔ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ቪዲዮ አየሁ። በብሬክ ሰዓት፣ ባስ ላይ፣ ጥርሴን እየቦረሽኩ። አሜሪካ፣ ደቡቡ ክፍል ውስጥ የሚኖር አንድ ቦርጫም ሰውዬ አለ፤ ክራፒ የሚባል ጠፍጣፋ፣ ሰሃን የሚያህል ዓሣ ነው የሚያጠምደው። ጀልባው ፊት ለፊት ስምንት ዘንግ እንደ ሸረሪት እግር ይዘረጋና መሀል ቁጭ ብሎ ለስላሳ ይጠጣል። እጁን አያነሳም! ዓሣው ራሱ ነው የሚመጣው!

ማርቲንዴል ሰፈር ላለችው ጓደኛዬ ሊንኩን ብልክላት፣ «ዓሣ ሱቅ አለ እኮ» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጓደኛ አይስጣችሁ።

ምርጫው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ! አንዱ ጀልባው ተበስቶ በብሎን የሚታሰር ነው። የጋሼን ጀልባ ልብሳ? ብቦረቡራት ቤዝመንቱንም እዚያው ለቅቄ ነው የምወጣው። ሌላው በማጥበቂያ ጠርዙን ነክሶ የሚይዝ ነው። እሱ ይሻላል፤ ግን የጀልባችሁን ጠርዝ ውፍረት ማወቅ አለባችሁ። ስለዚህ አንድ ጠዋት ጓሮ ገብቼ ሸራውን ገለጥ አድርጌ፣ ከሥራ ቦታ ባመጣሁት የቁስል መለኪያ ወረቀት ለካሁ። እትዬ ለተ በመስኮት አዩኝ። ጋሼ እንዳያዩኝ መጋረጃውን ዘጉልኝ!

ዘንጎቹ ከተጠጋጉ ክሮቹ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናሉ። ከተራራቁ ብረቱ ከጀልባዋ ይበልጣል። የእኛዋ ስምንት አትችልም፣ ስድስትም ይከብዳታል። አራት አልኩ። ሁለት ለሳቸው፣ ሁለት ለእኔ። ሕጉንም አይቻለሁ! ስልኬ ላይ ፈልጌ «ለአንድ ሰው ሁለት» የሚለውን አግኝቼ ስክሪንሾት ሁሉ አንስቻለሁ። እንደኔ ያለ ጠንቃቃ አለ?

ሱቅ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ክስ አልፈልግም። ጢሙ ደረቱ የደረሰ ሻጭ አራት ዓይነት አውጥቶ ደረደረልኝ። እኔ ቀኝ እጄን ጃኬት ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ በግራዬ ብቻ ዘንግ ማስገባትና ማውጣት ጀመርኩ። አንደኛው ቀለበት ካላዞራችሁ አይከፈትም፤ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ይቅር። ሁለተኛው ላስቲክ ማሰር አለበት፣ ይቅር። ሦስተኛው ጥልቅ ቱቦ ነው፣ ዘንጉን ነክሶ አልለቅም አለኝ። አራተኛው ከላይ ክፍት ነው፣ እንደ ሹካ። ቀና ስታደርጉት በአንድ እጅ እሺ ብሎ ይወጣል። እሱን!

ሻጩ ኪሴን ሲያይ ቆይቶ፣ «ማም፣ እጅሽ ደህና ነው?» አለኝ።

«እጁ የእኔ አይደለም» አልኩት።

በእንግሊዝኛ ሲባል እንዴት እንደሚያስፈራ አስቡት።

ርዕስ ለመቀየር ብሎ መሰለኝ፣ «ምን ዓይነት ዓሣ ልታጠምጂ ነው?» አለኝ።

«ክራፒ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ጢሙን አሻሸ። ጣሪያውን አየ። «ናይስ» አለኝ።

ናይስ! አንድ ቃል! አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ታውቃለህ እኮ! አንተ ሰውዬ ታውቃለህ! መናገር ምን ነበረበት?

እንግዲህ ዛሬ ኦፍ ነበርኩ። ብረቱን ተሸክሜ ላይ ወጣሁና «ጋሼ፣ ሰርፕራይዝ!» አልኩ።

በግራ እጃቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። «ምንድነው ይሄ?»

«ባለ አራት ሮድ ሆልደር።»

«የዘንግ ማቆሚያ በይው።»

«እሺ፣ የዘንግ ማቆሚያ። ክራፒ ልንይዝበት ነው!»

«ክራፒ? እዚህ አገር አይቼ አላውቅም።»

«የድሮው ቀርቷል ጋሼ። አሁን ዘመኑ ተቀይሯል።»

ወላሂ እንደዚህ አልኩ! ሃያ ዓመት እዚህ ውሃ ላይ ላጠመዱ ሰው!

«አራት ዘንግ ደግሞ አይፈቀድም፣ ሰዓዳ። ለአንድ ሰው አንድ ነው።»

«ሁለት ነው!» ብዬ ስክሪንሾቱን ፊታቸው ላይ ዘረጋሁ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ስልኬን መልሼ ከተትኩ።

ጋሼ ትንሽ አዩኝ። «ካስቆሙን የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አሉ።

«እኔ ነኝ!»

እትዬ ለተ ከኋላቸው ቆመው ጠቀሱኝ። ጋሼ ኮፍያቸውን ለማምጣት ሲገቡ ደግሞ ክንዴን ጨበጥ አደረጉኝ። ያኔ የነበረኝን ኩራት ብታዩት!

መኪናውን እኔ ነዳሁ። ጀልባዋ የተጫነችበትን ትሬለር ሪቨርስ ሳደርግ የሆነውን አልነግራችሁም፤ የዛሬ ውርደት ይበቃኛል። ብቻ ጀልባዋ ውሃ ላይ ወረደች፣ ላይፍ ጃኬታችንን ለበስን፣ ጋሼ ትንሿን ሞተር በግራ እጃቸው እየዘወሩ ወደ ሁልጊዜው ቦታችን ወሰዱን። እኔ ብረቱን ጠርዙ ላይ አጠበቅኩ። ልክክ አለ! አራቱንም ዘንግ ሰካሁ። ክሮቹ ሳይነካኩ ውሃው ውስጥ ገቡ።

እንዴት እንደሚያምር! ልክ እንደ ቦርጫሙ ሰውዬ መሀል ቁጭ አልኩና ለስላሳዬን ከፈትኩ።

ሁለት ጉንጭ አልጠጣሁም፣ የዓሣ ተቆጣጣሪዎቹ ጀልባ መጣ።

«ሃው አር ዊ ዱዊንግ ቱደይ?» አለ ኦፊሰሩ። ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ።

«ግሬት!» አልኩ።

የማጥመጃ ላይሰንሴን አሳየሁ። ጋሼ በዕድሜያቸው ስለማያስፈልጋቸው መታወቂያቸውን አሳዩ። ሰውየው አመሰገነንና በጣቱ ዘንጎቹን ቆጠረ። አራት። እኛን ቆጠረ። ሁለት። ዘንጎቹን እንደገና ቆጠረ።

«ማም፣ ለአንድ ሰው ስንት ዘንግ እንደሚፈቀድ ታውቂያለሽ?»

«ሁለት!» ብዬ ስልኬን ሰጠሁት። በኩራት! በፈቃዴ!

ፎቶውን አስፍቶ አየው። ጫፉ ላይ ግማሹ የተቆረጠውን ርዕስ በጣቱ ነካው። «ይሄ የሚለው ስለ አይስ ፊሺንግ ነው፣ ማም። በረዶ ላይ ሲሆን።»

ዙሪያዬን አየሁ።

በረዶ የለም። ኦገስት ነው። ዳር ላይ አንድ ሰውዬ በቁምጣ ይዋኛል።

«አሁን አንድ አንድ ነው የሚፈቀደው» አለኝ። በትህትና! የበለጠ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ቢጮህብኝ እኮ እጮህበት ነበር። ፈገግ ለሚል ሰው ምን ይባላል?

«ለመሆኑ ምን እያጠመዳችሁ ነው?»

ዝም ልል ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። «ክራፒ።»

ውሃውን አየ። እኔን አየ። «እዚህ ሐይቅ ውስጥ ክራፒ የለም፣ ማም። ካገኘሽ ግን እባክሽ ደውይልን።»

ካገኘሽ ደውይልን!

ጋሼ ሀብቶምስ? አንዲት ቃል አልተነፈሱልኝም። የምትናገሪው አንቺ ነሽ ብለዋላ! ፊታቸውን ወደ ተራራው አዙረው ተቀምጠዋል፤ ትከሻቸው ግን ይርገፈገፋል።

ቅጣት አልጻፈብኝም፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። «ትርፎቹን አውጡ፣ ጥሩ ቀን» ብሎ ዳር ድረስ ሄደና እዚያው ቆመ። እየተያየን! እኔ አንዱን ዘንግ አወጣሁ፣ ሁለተኛውን አወጣሁ። ሦስተኛው የእኔ ነው፣ አውጥቼ እንደ ድሮዬ በእጄ ያዝኩት።

አራተኛውን ብረቱ ላይ ተውኩት።

ጋሼ መሳቃቸውን አቆሙ። ብረቱን አዩት። ከዚያ እጄን አዩት።

«የአንቺን በእጅሽ ያዝሽው» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔን ግን እዚያው ተውሽው።»

ወገን፣ መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ እንዳልል፣ መሬትም አልነበረም።

«ጋሼ፣ እኔ...»

«ለተ ነገረችሽ።»

እየጠየቁኝ አልነበረም። ሻጩ ላይ፣ ኦፊሰሩ ላይ እንደዚያ የፈጠነ አፌ ለአንድ ውሸት ስፈልገው ተከፍቶ ቀረ!

«ነርስ ቀጥሬያለሁ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። አምስት ዓመት አውቃቸዋለሁ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም። «እርጂኝ ብዬሻለሁ? ልሸጥ ነው ብዬ ነግሬሽ የለም? ለምን እንደምሸጥ የማውቀው እኔ ነኝ!»

እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብኝ። ጨዋ ልጅ ዝም ይላል። እኔ ግን የጢማሙ፣ የኦፊሰሩ፣ የቦርጫሙ፣ ሁሉም ባንዴ ፈነዳብኝ።

«እኔስ ጋሼ? ሲሸጧት እኔን ጠየቁኝ? ውሃው፣ ነፋሱ፣ ጉልበቴ እያሉ ሰመሩን ሙሉ ሲዋሹኝ ነበር! እዚህ አገር መጀመሪያ የተቀመጥኩባት ቦታ ይቺ ናት እኮ! የት ልሄድ ነው?»

ጮህኩ። በሽማግሌ ላይ። ውሃ ደግሞ ድምፅ ይወስዳል፤ ባለ ቁምጣው ሰውዬ መዋኘቱን አቁሞ ቀና አለ።

ጋሼ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንስተው ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው አስቀመጡት። ከእኔ ሳይደብቁ ያንን ሲያደርጉ ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው።

«እና አንድ ነገር ላለመጠየቅ ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ ብረት የተሸከምሽው?»

«አዎ።»

«ጅል» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም።

መልስ ልሰጥ ስል ዘንጉ ጎበጠ።

የሳቸው! ብረቱ ላይ ያለው! ልይዘው ዘልዬ ስነሳ «ተዪው!» አሉኝ። ተንሸራተው ተጠጉና ግራ እጃቸውን ክሩን በሚጠቀልለው ሪል ላይ አሳረፉ። ዘንጉን ብረቱ ጥርቅም አድርጎ ይዞታል፤ እሳቸው ያዞራሉ። ዓሣው ሲጎትት ይተዉታል፣ ሲደክመው ያዞራሉ። ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ሰመሩን ሙሉ ያላየሁት ፊት ነበር።

ወጣ! ክንድ የሚያህል ትራውት! ጎኑ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ጀልባዋ አጠገብ ደረሰ።

የእኔ ሥራ አንድ ብቻ ነበር። መረብ።

ወገን፣ መረቡን ከሥሩ ቀስ ብሎ ማስገባት ነው። አምስት ሰመር ተምሬዋለሁ። ዛሬ ግን እንደ ዝንብ መግደያ አናቱ ላይ አሳረፍኩበት። ዓሣው አንዴ ተወራጨ፣ ከመንጠቆው ወለቀ፣ ሄደ።

ጋሼ ባዶውን መንጠቆ አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ሳቁ። ጀልባዋ እስክትወዛወዝ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅኩ ሳላውቅ አብሬያቸው ሳቅኩ። ዳር ላይ ኦፊሰሩ አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳየኝ።

አንተ ደግሞ አልሄድክም እንዴ!

ስንመለስ ኮክረንን እንዳለፍን ጋሼ መንገዱን እያዩ፣ «ማስታወቂያውን አውርጂው» አሉ።

«እሺ ጋሼ።»

«ዛሬውኑ።»

«ዛሬውኑ አወርደዋለሁ።»

ያልወጣ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚወርድ የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ፣ «እኔ እንዳወቅኩ ለለተ እንዳትነግሪያት» አሉኝ። «ምስጢር ጠበቅኩለት ብላ ደስ ብሏታል። አትረብሺያት።»

ቤት ስንደርስ እትዬ ለተ በር ላይ ይጠብቁናል። ጋሼ ጀልባዋን ሲያለብሱ እትዬ ጎትተው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «አላወቀም አይደል?»

«ኧረ አላወቁም!»

«ተመስገን! እኔ እንደሆንኩ ምስጢር ከእኔ አይወጣም» አሉኝ።

እንግዲህ ትምህርቱን እዩት። ሰውን ቀጥ ብሎ «እጅዎ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሁለት ሳምንት ቪዲዮ ማየት አይጠይቅም፣ ሱቅ ውስጥ ሰው ማስደንገጥም አይጠይቅም። አፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ ደግሞ አፍ እንደማይቸግረኝ ሐይቁ ላይ የነበረ ሁሉ ይመሰክራል።

አሁን ሁለት ምስጢር ይዣለሁ። አንዱ የባል ነው ከሚስት የተደበቀ፣ ሌላው የሚስት ነው ከባል የተደበቀ የመሰላቸው። ሁለቱንም ለእናንተ ነገርኳችሁ። አትጨነቁ፣ ስማቸውን ቀይሬዋለሁ።

ቆይ ግን... ዶቨር ውስጥ ጓሮው ጀልባ ያቆመ፣ ቤዝመንቱን ለደሴ ልጅ ያከራየ፣ የሰው አማርኛ የሚያርም ኤርትራዊ ሽማግሌ ስንት አለ?

እባካችሁ ሼር እንዳታደርጉት። እትዬ ለተ እዚህ አካውንት የላቸውም።

የላቸውም አይደል?